ነጋሽ፦ የምንኮራበት ታሪክ፣ ያልጠበቅነው ቤት

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፣ ታገሱኝ። ሻይ ወይ ቡና ይዛችሁ ቁጭ በሉ። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የኛን ስጠቅስ «ዓ.ም.» እልበታለሁ።

«ኢትዮጵያ ለመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች መጠጊያ የሆነች አገር ናት» የሚለውን አረፍተ ነገር ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። በበዓል ንግግር ይባላል፣ በቴሌቪዥን ይባላል፣ እንግዳ ሲመጣ ይባላል። እኔም ክፍል ውስጥ እለዋለሁ። አንድ ቀን ግን ከኋላ ወንበር አንዱ ተማሪ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ቦታው አሁን አለ? ሄዶ ማየት ይቻላል?» አለኝ። ቀላል ጥያቄ ይመስላል። መልሱ ግን አንድ ክፍለ ጊዜ አይበቃውም። ይሄን ጽሑፍ የዚያ ጥያቄ መልስ አድርጋችሁ ውሰዱት።

● ቦታው የት ነው?

ከመቀሌ ተነስታችሁ ወደ አዲግራት ስትጓዙ መጀመሪያ ውቅሮን ታገኛላችሁ። ከውቅሮ 10 ኪሎ ሜትር ያህል አለፍ ብሎ፣ በዋናው መንገድ ላይ፣ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ አለች። ነጋሽ ትባላለች። መስጊዱም አል-ነጃሺ ነው የሚባለው። «ነጃሺ» የሚለው ቃል ከኛው «ነጋሢ» እና «ንጉሥ» ከሚሉት ቃላት ጋር አንድ ዘር ነው፤ ዓረቦች የአክሱምን ንጉሥ የጠሩበት መጠሪያ ነው። ስለዚህ ስሙ የአንድ ሰው ስም ሳይሆን ማዕረግ ነው። ሰውየውን የዓረብ ጸሐፊዎች አስሐማ ይሉታል። ከአክሱም ታሪክ አጥኚዎች አንዳንዶቹ ሳንቲም ካስቀረጹት የመጨረሻዎቹ ነገሥታት አንዱ ከሆነው ከአርማህ ጋር ያያይዙታል።

በቦታው ከመስጊዱ ሌላ መካነ መቃብር አለ። በአካባቢው ትውፊት የንጉሡ መቃብር እዚያው ነው፤ ከመካ ተሰደው መጥተው እዚህ የሞቱ የ15 ሰሃቦች መቃብርም እዚያው ነው። በየዓመቱ በአሹራ ቀን ከመላው አገሪቱ ምዕመናን ይሰበሰባሉ። «ሁለተኛዋ መካ» የሚሏትም አሉ።

● ታሪኩ እንዴት ነበር?

በ615 አካባቢ ነው። በመካ የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች መከራቸው በዝቷል። በተለይ ጎሳ የሌላቸውና ባሪያ የነበሩት ይገረፋሉ፣ ይታሰራሉ። ያኔ ነቢዩ ከባሕር ማዶ ያለውን የሐበሻን ምድር አመለከቷቸው፤ በግዛቱ ማንም የማይበደልበት ንጉሥ አለ ብለው። የመጀመሪያዎቹ ተጓዦች 11 ወንዶች (12 የሚሉም አሉ) እና 4 ሴቶች ነበሩ። ከነሱ መካከል የነቢዩ ልጅ ሩቀያና ባለቤቷ ዑስማን ኢብን ዐፋን አሉበት። ዑስማን በኋላ ሦስተኛው ኸሊፋ የሆነው ነው። ቀጥሎ በጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ የሚመራው ትልቁ ቡድን ተሻገረ፤ ከ80 በላይ ወንዶች ነበሩበት፣ ሴቶቹና ሕጻናቱ ሳይቆጠሩ።

ቁረይሾች ዝም አላሉም። ዐምር ኢብን አል-ዓስን ከአንድ ባልደረባው ጋር ስጦታ አስይዘው ላኩ። ስጦታው የመካ ምርጥ ቆዳ ነበር። መልእክተኞቹ መጀመሪያ ባለሟሎቹን በእጅ መንሻ አለሰለሱ፤ ከዚያ ንጉሡን «እነዚህ ከአገራቸው ሃይማኖት የወጡ፣ ወደ አንተም ሃይማኖት ያልገቡ ልጆች ናቸው፣ አሳልፈህ ስጠን» አሉት። ልብ በሉ፣ ዛሬም በዓለም ላይ ስደተኛን ለማስመለስ የሚቀርበው ክርክር ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ንጉሡ ሳይሰማቸው አሳልፎ አልሰጠም። አስጠርቶ ጠየቃቸው። ጃዕፈር ቆሞ አስረዳ፤ ከቁርአንም ስለ ማርያምና ስለ ልጇ የሚናገረውን ክፍል አነበበለት። ንጉሡ አለቀሰ ይላል ታሪኩ። በማግስቱ መልእክተኞቹ ሌላ መንገድ ሞከሩ፦ «ስለ ኢየሱስ ምን እንደሚሉ ጠይቃቸው» አሉት፣ ያጣላቸዋል ብለው። ንጉሡ ግን መልሳቸውን ሰምቶ ከመሬት አንዲት ስንጥር አነሳና ልዩነታችን የዚህችን ያህል ነው በሚል ስሜት ተናገረ። ስጦታውንም መለሰላቸው።

እኔን የሚገርመኝ ይሄን ታሪክ ማን እንዳቆየልን ነው። ዋናዋ ተራኪ ኡሙ ሰለማ ናት፤ ራሷ ከስደተኞቹ አንዷ የነበረች ሴት፣ በኋላም የነቢዩ ባለቤት። ማለትም ታሪኩን የነገረችን በዚያ ፍርድ ላይ ሕይወቷ የተንጠለጠለ ሰው ናት። ከስደተኞቹ አንዳንዶቹ እዚህ ወልደዋል፤ የጃዕፈር ልጅ ዐብደላህ የተወለደው በሐበሻ ምድር ነው። አንዱ ዑበይደላህ ኢብን ጀሕሽ የሚባለው ደግሞ እዚሁ ክርስቲያን ሆኖ ሞቷል፤ የእስልምናው የታሪክ ምንጭ ራሱ ሳይደብቅ ጽፎታል። ባለቤቱ ኡሙ ሐቢባ ግን በእስልምናዋ ጸናች፤ ባሏ ከሞተ በኋላ ነቢዩ ሲያገቧት ኒካሑን ያሰረው፣ 400 ዲናር ጥሎሹንም የከፈለው ንጉሡ ነው ይላሉ የእስልምና ምንጮች።

ጃዕፈርና የቀሩት ወደ ነቢዩ የተመለሱት በ628 ነው። ከ12 ዓመት በላይ ማለት ነው። እንግዳ ለሳምንት አስተናግዶ መሸኘት ሌላ፣ 12 ዓመት አብሮ መኖር ሌላ። ንጉሡ በ630 ሲሞት ነቢዩ መዲና ላይ ሆነው በሌለበት የቀብር ጸሎት ሰገዱለት ይባላል። ሐበሾች ካልነኳችሁ አትንኳቸው የሚል ቃልም ከነቢዩ ሲነገር ቆይቷል።

እዚህ ላይ ኮሜንት መስጫው እንዳይጋጋል አንድ ነገር ልበል። ንጉሡ ሰልሟል ወይስ አልሰለመም? የእስልምና ምንጮች ሰልሟል ይላሉ። የክርስትናው ትውፊት አይቀበለውም። በዚህ ለመቶዎች ዓመታት ተከራክረናል። ሁለቱም ወገን የማይክደው ግን አለ፦ የመጡትን ተቀብሏል፣ ከሳሽን ሰምቷል፣ ተከሳሽንም ሰምቷል፣ አሳልፎ አልሰጠም። የዛሬው ጽሑፌ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

● መስጊዱ ራሱ ስንት ዓመቱ ነው?

«በአፍሪካ የመጀመሪያው መስጊድ» ሲባል ሰምታችኋል። ምጽዋ ላይ ያለው የሰሃቦች መስጊድም በዚሁ ክብር ይጠራል፤ ስደተኞቹ በባሕር ስለመጡ ይሄም የሚያስገርም አይደለም። ግን በፎቶ የምናየው የነጋሽ መስጊድ፣ ሚናሬውና ጉልላቱ፣ የ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግንብ አይደለም። በየዘመኑ ፈርሶ ተሠርቷል፣ ተጠግኗል፣ ሰፍቷል። ያረጀው ቦታው ነው። እዚያ መስገዱ፣ እዚያ መቅበሩ፣ እዚያ በአሹራ መሰብሰቡ ነው ያረጀው።

«ታዲያ ማስረጃው ምንድን ነው? ትውፊት ብቻ ነው?» የሚል አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። በምሥራቅ ትግራይ፣ መቀሌ አጠገብ ኲሓ የምትባል ቦታ አለች። እዚያ በዓረብኛ የተጻፉ የመቃብር ድንጋዮች ተገኝተዋል፤ ከ10ኛው እስከ 12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሉ ናቸው። እዚያው አካባቢ ቢለት በሚባል ቦታ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች በ2018 ቆፍረው ጥንታዊ የሙስሊሞች መካነ መቃብር አጥንተዋል። ይሄ ማለት ላሊበላ ሳይነግሥ በፊት እዚያ አካባቢ ዓረብኛ የሚጽፍና የሚያነብ ሙስሊም ማኅበረሰብ ነበረ ማለት ነው። የነጋሽን መቃብሮች አንድ በአንድ አያረጋግጥልንም። ትውፊቱ በባዶ ሜዳ ላይ እንዳልበቀለ ግን ያሳያል።

16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ይወሳሰባል። ኢማም አህመድ ኢብን ኢብራሂም፣ ብዙዎቻችን ግራኝ የምንለው፣ በ1535 ትግራይ ደርሷል። የአክሱም ጽዮን የተቃጠለችው በዚያ ጦርነት ነው። የኢማሙን ዘመቻ የጻፈው ዓረብ ፈቂህ በዚያው ዘመቻ ላይ የነጃሺ መቃብር የሚጎበኝ ቦታ እንደነበር ያነሳል። ልብ በሉ፣ በአንድ ጦርነት ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ይቃጠላል፣ የክርስቲያን አገር ንጉሥ መቃብር ደግሞ ይጎበኛል። ታሪካችን እንዲህ ነው፤ በአንድ ቀለም አይጻፍም።

● ቱርክ ሁለት ጊዜ መጣች

ከዚያ ጦርነት ማግስት ኦቶማን ቱርኮች መጡ። በ1555 በወረቀት ላይ «የሐበሻ ግዛት» ብለው አንድ ክፍለ ሀገር መሠረቱ፤ ኦዝደሚር ፓሻን ሾሙ። በ1557 ምጽዋን ያዙ። ወደ ደጋው ወጥተው ድባርዋ ድረስ ዘለቁ። ባሕር ነጋሽ ይስሐቅም አንድ ጊዜ ከነሱ ጋር፣ አንድ ጊዜ ከነሱ ተቃርኖ ቆየ። መጨረሻ ላይ ዐፄ ሠርፀ ድንግል በ1570ዎቹ ማብቂያ ላይ ይስሐቅንም ቱርኮቹንም ድል አድርጎ ድባርዋን አስለቀቀ። ምጽዋና ዳርቻው ግን ለረጅም ዘመን በቱርክ ስም ቆየ።

አሁን ካርታ አውጡና ወደ ሰሜን ሂዱ። ሜድትራንያንን ተሻገሩ። ልክ ሠርፀ ድንግል ከቱርክ ጋር በሚዋጋበት ሰሞን፣ በዚያው የኦቶማን መንግሥት ሌላ ዳርቻ፣ ዛሬ ቦስኒያ በምንለው አገር ባንያ ሉካ በምትባል ከተማ፣ ፈርሃድ ፓሻ ሶኮሎቪች የተባለ የቱርክ ሹም መስጊድ እያሠራ ነበር። በ1579 ተጠናቀቀ። በሱ ስም ፈርሃዲያ ተባለ። ገንዘቡ በጦርነት ከተማረከ መኳንንት የተከፈለ ቤዛ ነው ይባላል። ሚናሬው ከ40 ሜትር በላይ ነው። ባለሙያዎች በቦስኒያ ካሉት የኦቶማን ሥራዎች ምርጥ ከሚባሉት ይቆጥሩታል።

ቱርክ ወደኛ ለሁለተኛ ጊዜ ስትመጣ ግን መድፍ ይዛ አልነበረም። ቲካ የሚባለው የቱርክ የልማት ትብብር ድርጅት በ2015 አካባቢ የነጋሽን መስጊድና መካነ መቃብር ማደስ ጀመረ። መስጊዱ ታደሰ፣ የሰሃቦቹ መቃብር ተሠራ፣ ለጎብኚም የሚሆን ቤት ተሠራ። ይሄው ድርጅት የባንያ ሉካውን ፈርሃዲያ እንደገና ለማቆም በተደረገው ሥራም ገንዘብ አውጥቷል። ስለዚህ ሁለቱ መስጊዶች የማይገናኙ ይመስላሉ እንጂ ይገናኛሉ። ከዚህ በኋላ ያለው ታሪካቸው ደግሞ ይበልጥ ያገናኛቸዋል።

● ሁለት ቀኖች

ሚያዝያ 29 ቀን 1985 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ ግንቦት 7 ቀን 1993 ሌሊት፣ ፈርሃዲያ በፈንጂ ተናደ። የዩጎዝላቪያ ጦርነት ጊዜ ነው። ግን ልብ በሉ፣ ባንያ ሉካ የጦር ሜዳ አልነበረችም። ከተማዋ በሰርብ ኃይሎች እጅ ነበረች፣ በመስጊዱ ዙሪያ የሚተኮስም አልነበረም። ሰው አስቦ፣ ፈንጂ ቀብሮ፣ ሰዓት ጠብቆ ነው ያፈረሰው። በዚያች ከተማ የነበሩት 16 መስጊዶች በሙሉ ጠፍተዋል። የፈርሃዲያ ድንጋይ በመኪና ተጭኖ ቆሻሻ መጣያና ውኃ ውስጥ ተጣለ፤ ቦታው ተጠርጎ ባዶ ሆነ። ዓላማው ግልጽ ነው፦ መጪው ትውልድ «እዚህ ምን ነበር?» ብሎ እንኳን እንዳይጠይቅ።

ሁለተኛው ቀን የኛ ነው። ህዳር 2013 ዓ.ም.። የትግራይ ጦርነት በተጀመረ በሳምንታት ውስጥ የነጋሽ መስጊድ በከባድ መሣሪያ ተመታ። ሚናሬው ተጎዳ፣ ጉልላቱ ተጎዳ፣ የሰሃቦቹ መቃብር ተጎዳ፣ ንብረቱም ተዘረፈ። ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ስለነበር ብዙዎቻችን ፎቶውን ያየነው ከሳምንታት በኋላ ነው። በአቅራቢያው ያለ ቤተ ክርስቲያንም ተጎድቷል፤ መንግሥት በጥር 2021 ሁለቱም እንደሚጠገኑ አስታውቋል።

የሰው ነፍስ ከግንብ ይበልጣል። በዚያ ጦርነት ያለቀው ሕዝብ ብዛት ሲታሰብ ስለ ጉልላት ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። እኔም ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ግን ነጋሽ ተራ ግንብ አይደለም። ነጋሽ «በዚህ አገር የተጠጋ ሰው አይነካም» የሚለው ቃል የተቀመጠበት ቤት ነው። በሃይማኖት ላንመስለው ለመጣ ሰው የገባነው ቃል 1,400 ዓመት ተሻግሮ የኛ ትውልድ ላይ ደረሰ። በኛ ዘመን ተመታ። ይሄን ክፍል ውስጥ ለተማሪ ማስረዳት ቀላል እንዳይመስላችሁ። «ኢትዮጵያ መጠጊያ ናት» ብዬ ስጨርስ የሚቀጥለው ጥያቄ «ታዲያ ቤቱን ማን መታው?» ነው።

● ለምን ለሁላችንም ይመለከተናል?

«የሙስሊሞች ጉዳይ ነው» ወይም «የትግራይ ጉዳይ ነው» ብሎ ማለፍ ይቻላል። ግን የቅርቡን ታሪካችንን እናስታውስ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ከ100,000 በላይ ሰው ሰልፍ ወጣ። ሙስሊሞች እኩልነት ጠየቁ፤ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ወጡ። ከጥያቄዎቹ አንዱ ስለ ስም ነበር። በዚያ ዘመን «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» ነበር የሚባለው፤ እንደ እንግዳ፣ እንደ ተከራይ። ሰልፈኞቹ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ነን» አሉ። ብዙም ሳይቆይ ሦስቱ የእስልምና በዓላት በአገር ደረጃ መከበር ጀመሩ።

የነጋሽ ታሪክ የዚያ ጥያቄ ዋና መልስ ነው። እስልምና ገና መዲና ሳይደርስ እዚህ ደርሷል። ማንም ተነስቶ «መጤ ናችሁ» ቢል ነጋሽ በአካል ቆማ ትመልስለታለች። ለክርስቲያኑም ቢሆን ቅድመ አያቶቹ በሥልጣን ላይ ሆነው፣ ኃይል በእጃቸው እያለ፣ ፍትሕ እንደሠሩ የሚመሰክርለት ቦታ ነው። ስለዚህ ቤቱ ሲመታ የሁለታችንም ማስረጃ ነው የተመታው።

● ባንያ ሉካ ምን ታስተምረናለች?

ወደ ፈርሃዲያ ልመለስ፤ ምክንያቱም ከፈረሰ በኋላ የሆነው ነገር ለኛ ትምህርት አለው።

አንደኛ፣ ትዕግሥት። ጦርነቱ በ1995 ቢያልቅም መስጊዱ ወዲያው አልቆመም። በ2001፣ በዚያው በግንቦት 7 ቀን የመሠረት ድንጋይ ሊቀመጥ ሲል ተቃዋሚዎች ሰልፈኛውን በድንጋይ አጠቁት። ከ30 በላይ ሰው ቆሰለ፤ አንድ ሰው በደረሰበት ጉዳት ሕይወቱ አለፈ። ሰዎቹ ግን አልተዉትም። መስጊዱ የተከፈተው ግንቦት 7 ቀን 2016 ነው። በፈረሰ በ23 ዓመቱ፣ በዚያው ቀን።

ሁለተኛ፣ ሰነድ። ይሄን ሁላችሁም እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። ፈርሃዲያን ያቆሙት አዲስ ብሎኬት ደርድረው አይደለም። ከቆሻሻ መጣያና ከውኃ ውስጥ የድሮውን ድንጋይ ለቅመው አወጡ። እያንዳንዱን ለኩ፣ ቁጥር ሰጡ፣ ከድሮ ፎቶና ከድሮ ንድፍ ጋር አስተያዩ፣ በኮምፒዩተር ቦታውን ፈለጉለት፤ ያልተገኘውን ብቻ በአዲስ ድንጋይ ተኩ። ይሄ ሊሆን የቻለው መስጊዱ ከመፍረሱ በፊት የለካው፣ የሳለው፣ ፎቶ ያነሳው ባለሙያ ስለነበረ ነው። ፈንጂው ግንቡን እንጂ ሰነዱን አላገኘውም።

ሦስተኛ፣ ፍርድ። የባንያ ሉካ አካባቢ የሰርቦች ባለሥልጣን የነበረው ራዶስላቭ ብርጃኒን በሄግ የዩጎዝላቪያ ፍርድ ቤት በ2004 ሲፈረድበት ከጥፋቶቹ አንዱ የሃይማኖት ተቋማትን ማውደም ነበር። በማሊም እንዲሁ፤ የቲምቡክቱን ጥንታዊ መቃብሮች ያስፈረሰው አል-ማህዲ በ2016 በዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት 9 ዓመት ተፈርዶበታል። ቅርስ በጦርነት ማውደም ወንጀል ነው። እኛም ነጋሽን ማን መታ፣ ማን ዘረፈ የሚለውን በፌስቡክ ስድድብ ሳይሆን በማስረጃ ማጣራት አለብን። የተፈጸመውን በደል ሳይጠቅሱ ቀለም ብቻ ቀብቶ ማለፍ ጥገና አይባልም።

● ጥገና ሲባል

እዚህ ላይ የምጨነቅበትን ልንገራችሁ። በአገራችን ጥገና ሲባል ብዙ ጊዜ ማፍረስና አሳምሮ መሥራት ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያንም ይሁን መስጊድ፣ አሮጌው በጭቃና በድንጋይ የተሠራው ፈርሶ በሱ ቦታ የሲሚንቶ፣ የመስታወትና የሴራሚክ ሕንፃ ይቆማል። ምዕመኑ በቅንነት ነው የሚያደርገው፤ ገንዘቡን የሚያዋጣው ለፈጣሪ ክብር ብሎ ነው። ግን አሮጌው ሲሄድ ሳይለካ፣ ሳይሳል፣ ፎቶ እንኳን ሳይነሳ ነው የሚሄደው። አያቶቻችን በእጃቸው የጠረቡት በር የት እንደገባ አይታወቅም። የቅርስ አዋጃችን፣ ቁጥር 209/1992፣ ቅርስ ያለ ባለሥልጣኑ ፈቃድ እንዳይጠገን ይላል። አዋጁ ግን ወረቀት ላይ ነው፤ ጠባቂው ሰው ነው።

ነጋሽም ላይ እንዲሁ። ከተጎዳው ሚናሬ የወደቀው ድንጋይ የት ደረሰ? ከመቃብሮቹ ላይ የወደቀውስ? በጥይት የተበሳው ግድግዳ በሙሉ ተለስኖ መጥፋት አለበት ወይስ ጥቂቱ ለምስክር መቅረት አለበት? እኔ ቢያንስ አንዲት ግድግዳ እንዳለች ብትቀር ደስ ይለኛል። የልጅ ልጆቻችን የንጉሡን ፍርድ ሲሰሙ የኛንም ጥፋት እንዲያዩ። ሁለቱንም ካላወቁ ታሪኩ ተረት ይሆንባቸዋል።

ሌላው መሰብሰብ ያለበት የሰው ቃል ነው። በየዓመቱ ለአሹራ ነጋሽ የሄዱ አባቶችና እናቶች አሉ። መስጊዱ ከመታደሱ በፊት ምን ይመስል እንደነበር፣ መቃብሮቹ እንዴት እንደነበሩ፣ ምን እንደሚዘየር፣ የአካባቢው ክርስቲያን በበዓሉ ቀን ምን ያደርግ እንደነበር የሚያውቁ ናቸው። ኡሙ ሰለማ ባትናገር ኖሮ ንጉሡን አናውቀውም ነበር። የዛሬዎቹም ካልተጠየቁ ይዘውት ይሄዳሉ።

● እኛ ከዚህ ሆነን ምን እናድርግ?

እኔ የምኖረው ሳሪስ ነው። ነጋሽ ሩቅ ነው፣ ባንያ ሉካ ደግሞ ይበልጥ ሩቅ ነው። ታሪኩን አንብበን «ያሳዝናል» ብለን ስክሮል ከማድረግ ግን የተሻለ ነገር ማድረግ እንችላለን። በሰፈራችሁ፣ ሳሪስም ይሁን ቃሊቲ፣ አቃቂም ይሁን መርካቶ፣ አሮጌ የአምልኮ ቤት ካለ፣ የናንተ ሃይማኖት ሆነም አልሆነ፣ እነዚህን አራት ነገሮች አድርጉ፦

1. አስፈቅዳችሁ ፎቶ አንሱት። ፊቱን ብቻ ሳይሆን በሩን፣ መስኮቱን፣ ጣሪያውን፣ ጽሑፍ ካለበት ጽሑፉን። ከፎቶው ጋር ቀኑን ጻፉ።

2. በሜትር ለኩት። ርዝመት፣ ስፋት፣ ከፍታ። ለዚህ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ይበቃል። እኔ በዚህ ሴሚስተር ለተማሪዎቼ የቡድን ሥራ አድርጌ የምሰጠው ይሄንን ነው፤ የክርስቲያን ልጆች መስጊድ፣ የሙስሊም ልጆች ቤተ ክርስቲያን እንዲለኩ አድርጌ።

3. አንድ ሽማግሌ ወይ አንዲት እናት አስቀምጣችሁ በስልካችሁ ድምጽ ቅዱ። «ይሄን ማን ሠራው? ድንጋዩ ከየት መጣ? ማን ረዳ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ማን ረዳ» የሚለውን አትርሱት። ብዙ ጊዜ መልሱ ላይ የሌላው ሃይማኖት ጎረቤት አለ።

4. የሰበሰባችሁትን በአንድ ስልክ ላይ ብቻ አታስቀሩ። ስልክ ይጠፋል። ለትምህርት ቤት ላይብረሪ፣ ለወረዳ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት፣ ለመስጊዱ ወይ ለቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ ቅጂ ስጡ።

የነጋሽ ፎቶ ያላችሁ ካላችሁ፣ በተለይ ከ2007 ዓ.ም. በፊት የተነሳ፣ ከእድሳቱ በፊት የነበረውን የሚያሳይ፣ አትጣሉት። በቤተሰብ አልበም ውስጥ ከኋላ ጀርባ ሆኖ የሚታይ ግድግዳም ቢሆን ይጠቅማል። የፈርሃዲያን ድንጋይ ወደ ቦታው የመለሰው እንዲህ ያለ ፎቶ ነው።

ተማሪዬ «ሄዶ ማየት ይቻላል?» ብሎ ነበር የጠየቀኝ። ቦታው አለ፣ መቃብሮቹም አሉ፣ ሰዎቹም አሉ። ስትሄድ ግን የምታየው የአንድ ዘመን ታሪክ ብቻ አይደለም፦ ንጉሡ የሠራውንና እኛ የሠራነውን ጎን ለጎን ነው የምታየው። የሱን መለወጥ አንችልም፣ አያስፈልግምም። በኛ ላይ ግን የሚጨመር ገና አለ።

ነጋሽ ደርሳችሁ የምታውቁ ያያችሁትን ከታች ጻፉልኝ፤ አነባለሁ፣ ለተማሪዎቼም አነባላቸዋለሁ። የሃይማኖት ስድብ ግን አጠፋለሁ፣ ከወዲሁ ይቅርታ።

ሰላም ለሁላችን!